የአዝራር ቀን መርዶ

መጋቢት 17 ቀን 2086 ዓ.ም. የንብ ቀን ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በኮምቦልቻ ከተማ በየቤቱ ግድግዳው ተናገረ።

«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የንብ ቀን ነው። ይህን ያውቁ ኖሯል? ንብ አበባ ያገኘችበትን ቦታ ለጓደኞቿ የምትነግረው በጭፈራ ነው። የዛሬው ጥያቄ፦ በቅርቡ ለሰው የጠቆሙት መልካም ነገር ምንድን ነው?»

እንድሪስ ይመር ፊቱን እየታጠበ «ዳቦ ቤት» ብሎ መለሰ። ግድግዳው አመሰገነው።

እናቱ ወይዘሮ ሰዓዳ «ለጎረቤቴ የጉልበት ቅባት ነገርኳት፤ አልሠራላትም» አሉ። ግድግዳው እሳቸውንም አመሰገነ። በሩ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆነች።

ወይዘሮ ሰዓዳ ከታኅሣሥ ወዲህ አዲስ ልማድ አምጥተዋል። ቀድሞ ሱብሂ ሰግደው ተመልሰው ይተኙ ነበር። አሁን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ነግቶ ፀሐይ እስክትወጣ ይቀመጣሉ። እንድሪስ ነገሩን ከእርጅና ቆጥሮታል። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ቀኖቹ ስም የተሰጣቸው በአንድ ጊዜ አልነበረም። ድሮም ቢሆን ቀን ባዶውን አያልፍም፤ ክርስቲያኑ ወሩን ለቅዱሳን አከፋፍሎ ይኖር ነበር፣ እስላሙም የራሱ የዱዓ ቀን ነበረው። ከዚያ የእጅ መታጠብ ቀን መጣ፣ የመምህራን ቀን፣ የውሃ ቀን። ኋላ ደግሞ የድንች ቀን፣ የካልሲ ቀን፣ የማዛጋት ቀን። እንድሪስ ትምህርት ቤት ሲገባ በዓመቱ ውስጥ ስም ያላገኙ ቀኖች አርባ ያህል ነበሩ። ሲጨርስ አንድም አልቀረም። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ጳጉሜ ስድስት እንኳ የትርፍራፊ ምግብ ቀን ተብላለች።

ጥያቄውን ያልመለሰ ሰው አይቀጣም። በሩ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ያ ብቻ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ቢጫ ከሆነ ጎብኚ ይመጣል። ጎብኚዎቹ ጨዋዎች ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ብስኩት ይዘው ይመጣሉ፣ ሰውየው እስኪመልስ ድረስ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ጎብኚዋ አራት ቀን እንደቆየች ይወራል። ሰውየው በአራተኛው ቀን የሚወደውን የፒጃማ ቀለም ተናገረ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ግድግዳው በሩቅም በቅርብም ያለውን የቤተሰብ አባል ሁሉ ምላሽ ያነባል። በዚህ ምክንያት ሰው መደወል እየተወ መጣ። የልጅህ ምላሽ ማታ ማታ ከደረሰህ ልጅህ ደኅና ነው ማለት ነው። ሌላ ምን ትጠይቀዋለህ?

የወይዘሮ ሰዓዳ ትልቁ ልጅ ሁሴን አፋር ውስጥ፣ ከዱብቲ ወዲያ፣ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡ መስታወቶችን እየወለወለ ይኖር ነበር። ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል፤ ልጅ የለውም። ምላሹ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው። የማዛጋት ቀን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያዛጉት መቼ ነው ሲባል «አሁን» ይላል። የካልሲ ቀን ላይ «ጥቁር»። እናቱ ግን ያቺን አንድ ቃል ሳይሰሙ ከእራት አይነሡም።

ጥቅምት 3 ቀን የግመል ቀን ነበር። ሁሴን ቁርሱን በልቶ ጋደም እንዳለ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። እንድሪስ ለእናቱ «ፋብሪካው ለሥራ ላከኝ» ብሎ ሄደ። ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። መቃብሩ ላይ አፈር ጨመረ፣ ዱዓ አደረገ፣ የወንድሙን ሻንጣና ስልክ ይዞ ተመለሰ። በሁሴን ስልክ ላይ የዕለቱ ጥያቄ እንደተከፈተ ነበር። የግመል ሻኛ የሚያጠራቅመው ውሃ ሳይሆን ስብ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እርስዎስ ለክፉ ቀን ምን አስቀምጠዋል? እንድሪስ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ፣ ማታ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ምንም» ብሎ ጻፈና ላከው። ያች የመጀመሪያዋ ነበረች።

መርዶውን ለእናቱ አለመንገሩ የእሱ ሐሳብ አልነበረም። በኮምቦልቻ መርዶ በየቀኑ መንገር ከቀረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀረው በአንዲት ሴትዮ ምክንያት ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው የወሎ ቅሬ፣ እንደ ጥንቱ ልማድ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩቶ ገባ። ሽማግሌው የልጇን ሞት ለመንገር አፋቸውን ሲከፍቱ ግድግዳው ቀደማቸው። የኬክ ቀን ነበር። እንኳን አደረሰዎት አላት፤ ቀጥሎም የሚወዱት ኬክ የትኛው ነው ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ የሰዎቹን ፊት እያየች «ባለ ክሬሙ» ብላ መለሰች። ከዚያ ነገሯት።

ከዚህ በኋላ የከተማው ቅሬዎች ተሰብስበው መርዶ ሁሉ ለሚያዝያ 2 ይቆይ ብለው ተስማሙ። ሚያዝያ 2 የትዝታ ቀን ነው። በዚያ ቀን ግድግዳው ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ የሚጠይቀውም ያጣችሁትን ሰው በሦስት ቃል ግለጹ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ርቆ የሞተ ሁሉ በዚያች አንዲት ጎህ ይነገራል። በዋዜማው በከተማው ውስጥ የምትተኛ እናት የለችም። ሁሉም ኮቴ ያዳምጣሉ። ኮቴው በራቸውን አልፎ ከሄደ ስለ ጎረቤታቸው ሊያለቅሱ ነጠላቸውን ይፈልጋሉ።

እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ጥያቄ መመለሱን መቀጠል አለበት።

እንድሪስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከፊቱ ጨርቅ ያልፋል፤ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ ሲያይ ማሽኑን ያቆማል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል፤ ብዙ አያወራም። በምሳ ሰዓት የወንድሙን ስልክ ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ ምላሹን ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት «እሺ»፣ «ሁለት»፣ «አላውቅም» እያለ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እናቱ እራት ላይ «ድምፁን ብሰማ ምን አለበት? እስቲ ደውልልኝ» አሉት። እንድሪስ እዚያ በረሃ ላይ መስመር አይገኝም አለ። በማግሥቱ ምላሹን ትንሽ አስረዘመው። ከዚያ በማግሥቱ ደግሞ ጨመረበት።

የጉጉት ቀን ነበር። ጉጉት ዓይኗን ማንቀሳቀስ ስለማትችል አንገቷን ትጠመዝዛለች፤ እርስዎስ ዛሬ ዞር ብለው ያዩት ምንድን ነው? «መስታወቱን ስወለውል የእናቴን ፊት አገኘሁበት» ብሎ ጻፈ። «ለካ ራሴ ነኝ። አገጬ የእሷ ነው።» ማታ ሲነበብ ወይዘሮ ሰዓዳ አገጫቸውን ይዘው ሳቁ። «ይኼ ልጅ ምን አገኘው?» አሉ። «በረሃው ምላሱን ፈታለት።»

የእንድሪስ የራሱ ምላሽ ቀጥሎ ተነበበ። «የአውቶቡስ ፌርማታ» ይል ነበር።

ታኅሣሥ 11 የጀርባ ቀን ነበር። በጀርባዎ ምን ተሸክመው ያውቃሉ የሚል ጥያቄ መጣ። እንድሪስ በዚያ ዕለት ምሳውን አልበላም፤ ሰዓቱን ሙሉ ጻፈ። ማታ ግድግዳው ሲያነበው እናቱ የጎረሱትን ሳይውጡ አዳመጡ። ድገመው አሉት፤ ግድግዳው ደገመው። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ እራታቸውን ሳይጨርሱ፣ ገብተው ተኙ። እንድሪስ በደስታ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያች ማታ ወዲህ ደውልልኝ ብለውት አያውቁም። ይህም ዕረፍት ሰጥቶት ነበር።

በንብ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እንድሪስ ከፋብሪካው ሲወጣ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ጠበቀችው። የጎብኚዎችን ሰማያዊ ሽርጥ አድርጋለች። ወይንሸት እባላለሁ አለችው። ብስኩትም ይዛ ነበር።

«እኛ ቤት ቢጫ የለም» አለ እንድሪስ።

«ለዚያ አይደለም የመጣሁት። እንኳን ደስ ያለዎት። የወንድምዎ የአቶ ሁሴን ምላሽ የዓመቱ ምላሽ ሆኖ ተመርጧል። የጀርባ ቀኑ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 20፣ በመላ አገሪቱ ይነበባል። እናትዎ ገና አያውቁም፤ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንላቸው ብለን ነው። ሦስት ሆነን አበባ ይዘን ጠዋት ቤት እንመጣለን። አቶ ሁሴን በዚያ ሰዓት የት ይሆናሉ? ድምፃቸውን እንፈልጋለን።»

«አይገኝም።»

«ሥራ ላይ ቢሆኑም ለደቂቃ ብቻ…»

«አይገኝም አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።»

ወይንሸት የያዘችውን ጽሑፍ አጠፈችው። ለትንሽ ጊዜ ሠራተኞቹ እየወጡ ሲበታተኑ አየች።

«አቶ እንድሪስ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በየዓመቱ ከትዝታ ቀን በኋላ፣ በዚህ ከተማ ብቻ፣ አንድ ሺህ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ መመለስ ያቆማል። እናየዋለን። ማንም አይጠይቅም። እኔም ያልተነገረኝን አላውቅም።»

«እንግዲያው አስቀሪው።»

«ማስቀረት የሚችለው መላሹ ራሱ ነው። በራሱ ድምፅ።»

«እና ካልቻለስ?»

«ይነበባላ» አለች። ብስኩቱን ሰጠችው፤ ሌላ ምን እንደምታደርግበት ያወቀች አትመስልም ነበር።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሄ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እንድሪስ ሲደርስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረዋል።

«ንብ ትጨፍራለች አለኝ ያ ግድግዳ» አሉ ገና ሲያዩት። «ለሰው ምን ጠቆምክ ይለኛል። አንድ እንግዳ መጸዳጃ ቤት ጠይቆኝ ጠቆምኩት ብዬ መለስኩ። አመሰገነኝ።»

እንድሪስ አልሳቀም። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው፤ መርዶው ነገ ይነገርልኝ አላቸው። ጋሽ ሙሄ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለትዝታ ቀን አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እሺ፣ አላውቅም፣ ሁለት እያልክ መክረም አቅቶህ ነው? ማን ተቀኝ አለህ?»

«እሷ ደስ ስላላት ነው።»

«ደስ ስላላት» አሉ ሽማግሌው። «ስማ። አሁን የዚህ ከተማ እናት የምትፈራው አንድ ቀን ነው። ነገ ጠዋት አንተ ቤት ካለቀስን፣ ከነገ ወዲያ ጎህ በቀደደ ቁጥር ኮቴ ልታዳምጥ ነው። ሦስት መቶ ስልሳ አምስቱንም ቀን ልታስፈራት ነው። የእኔም እህት አለች። ልጇ በኅዳር ጂቡቲ ላይ ቀርቷል። አልተነገራትም።»

እንድሪስ ይህን አያውቅም ነበር። «ማን ይመልስለታል?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኛ! በዚህ ዕድሜዬ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ። ትናንት የምትወደው ኳስ ተጫዋች ማን ነው አለኝ። ስም ጠፋኝና የመኪናዬን ረዳት ስም ጻፍኩ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ሳፋው ውስጥ አንቀሳቀሱ። ውሃው እየቀዘቀዘ ነበር።

«አበባ ይዘው ነው የሚመጡት?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«አዎ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ሊሏት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እግራቸውን አንድ በአንድ ከሳፋው አወጡ። «ነገ ምን ቀን ነው?»

«የአዝራር።»

«ያ አላህ» አሉ። ፎጣውን እየፈለጉ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ መርዶ ጎህ ሳይቀድ አይነገርም። ያ ደግሞ በአሥራ ሁለት ሰዓት አፉን ይከፍታል። ያለን ግማሽ ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ በራችሁ ላይ እንሆናለን። ቶሎ ብለን ጨርሰን፣ እሱ ሲናገር እኛ እያለቀስን እንሁን። ለቅሶ ከእሱ ይበልጣል።»

በዚያች ማታ ግድግዳው የሁሴንን ምላሽ ሲያነብ እንድሪስ ቀና ብሎ አላየም። ጋሽ ሙሄ ጋ ከመሄዱ በፊት የጻፈው ነበር፤ የመጨረሻው መሆኑን እያወቀ። «ለወንድሜ ዳቦ ቤት ጠቆምኩት» የሚል ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልመጣለትም ነበር። ወይዘሮ ሰዓዳ «ዛሬስ አሳጠረው» አሉና ሳህናቸውን ሳቡ።

መጋቢት 18 ቀን። እንድሪስ ልብሱን ሳያወልቅ ተኝቶ ነበር። እናቱ ሲሰግዱ ሰማቸው፤ ነጠላቸውን ሲያጣፉም ሰማቸው። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ ኮቴ የለም። አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ሆነ። የጋሽ ሙሄ ጉልበት ዳገቱ ላይ እምቢ ብሎ፣ ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው እየመጡ እንደነበር ኋላ ነው ያወቀው። አሥራ ሁለት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ብዙ እግር በዝግታ ደጁ ላይ ቆመ።

ማንም ሳያንኳኳ ወይዘሮ ሰዓዳ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰዋል፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀዋል።

«ምነው ዘገያችሁ?» አሉ።

«ጉልበቴ ነው፣ ሰዓዳ» አሉ ጋሽ ሙሄ ሳያስቡት።

«ግቡ። ቁጭ በሉ።»

ገብተው እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዓዳ፣ የሰው ልጅ መንገደኛ ነው…»

«ቆዩ» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ። ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «መጀመሪያ እሱ ይጨርስ። እኔ ባለ ክሬሙ ብዬ አልመልስም።»

እናም ጠበቁ። አሥራ አንድ የቅሬ ሰዎች፣ እናትና ልጅ፣ ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ። አንዲት ሴት ልታለቅስ ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በመጨረሻ ተናገረ።

«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የአዝራር ቀን ነው። ይህን ያውቁ ኖሯል? በጥንት ዘመን አዝራር የሚሰፋው ልብስ ለመቆለፍ ሳይሆን ለጌጥ ነበር። የዛሬው ጥያቄ፦ አሁን የለበሱት ልብስ ስንት አዝራር አለው?»

ወይዘሮ ሰዓዳ ወደ ቀሚሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ነጠላቸውንም ገልጠው አዩ። «አንድም የለውም» አሉ።

«ግሩም ምላሽ ነው። እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ሰዓዳ።»

እንድሪስ «አራት» አለ። ግድግዳው እሱንም አመስግኖ መልካም የአዝራር ቀን ተመኘላቸውና ዝም አለ።

«አሁን ንገሩኝ» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ።

ጋሽ ሙሄ ነገሯቸው። ስሙን፣ ቀኑን፣ የተቀበረበትን ቦታ፣ ወንድሙ አፈር እንዳለበሰው። ወይዘሮ ሰዓዳ «ጥቅምት ሦስት» አሉ፤ ሌላውን ትተው ቀኑን ብቻ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ የጮኹት ጩኸት ዳገቱን ወጥቶ እስከ አውራ ጎዳናው ተሰማ።

ጋሽ ሙሄ የፈሩት ደረሰ። በመንገዱ ላይ ያሉ በሮች ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሴቶች በባዶ እግራቸው ወጥተው ጩኸቱ ከየት እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የልጆቻቸውን ፊት አዩ። «ለእኔስ የምትነግሩኝ አለ?» የሚል ጥያቄ በዚያ ጠዋት ከአንድ በላይ ቤት ውስጥ ተጠይቋል። የጋሽ ሙሄ እህት ለቅሶው ላይ ነበሩ። አልቅሰው ሲያበቁ ቀና ብለው ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ጋሽ ሙሄ ወለሉን አዩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ወጡ፤ ማታ በዚያም ቤት ለቅሶ ሆነ።

ሁለት ቀን ሰው ሲወጣና ሲገባ ዋለ። እንድሪስ እንግዳ ሲያስተናግድ፣ ውሃ ሲያቀርብ፣ ድንኳን ሲያጠብቅ ሰነበተ። ከእናቱ ጋር ብቻቸውን የሆኑበት ጊዜ አልነበረም። ማታ ማታ ግድግዳው «ሁሴን ይመር፣ ምላሽ የለም» ይላል። የወንድሙ ስልክ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ አውጥቶ አይቶት ሳይነካው መልሶታል። ባዶው ቦታ ከለቅሶው በላይ ከበደው፤ ለአምስት ወር ተኩል በቀን አንድ ጊዜ የሚናገርበት አፍ ነበረው፣ አሁን የለውም።

መጋቢት 20 ቀን፣ የምላሽ ቀን፣ ሰልስቱ ነበር። ቤቱም ድንኳኑም ከሱብሂ በኋላ ሞልቷል። ወይንሸት ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ደጁ ላይ ደረሰች፤ ድንኳኑን ስታይ ቆመች። ባልደረቦቿን የሆነ ነገር ብላ መለሰቻቸው። አበባውን ውጭ አጥሩ ሥር አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገብታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ማን እንደሆነች የጠየቃት አልነበረም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የምላሽ ቀን ነው። ይህን ያውቁ ኖሯል? ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከምላሾቻችሁ አብዛኞቹ ከሦስት ቃል አይበልጡም። አንዳንዱ ግን ይበልጣል። የዓመቱ ምላሽ፣ በጀርባ ቀን የተሰጠ፣ የሁሴን ይመር፣ የኮምቦልቻ ልጅ።»

በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ። አንዱ ሽማግሌ «ቢስሚላህ» አሉ።

«እኔ የተሸከምኩት ነገር ትዝ አይለኝም። የተሸከመችኝ ግን እናቴ ናት። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎርፍ ድልድዩን ስለወሰደው የቦርከናን ወንዝ በእግር ነበር የምንሻገረው። መሐል ላይ ደራሽ ውሃ መጣ። እናቴ ዓይንህን ጨፍን አለችኝ፤ ጨፈንኩ። ውሃው እስከየት እንደደረሰ አላየሁም። የሰማሁት የእሷን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ጆሮዬ ማጅራቷ ላይ ነበር። አሁንም ስፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። እስካሁን ሰጥሜ አላውቅም።»

ሴቶቹ አለቀሱ፤ የሟች ቃል ሆኖባቸው ነው። ጋሽ ሙሄም በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ ሰዓዳ ግን አላለቀሱም።

«ሁሴን አይደለም» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሁሴን ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ውሃው ጉልበት ሳይሞላ ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ከማዶ ቆሞ ይጠብቀን ነበር።» ጣታቸውን ወደ እንድሪስ አነሡ። «ጀርባዬ ላይ የነበረው ይኼ ነው።»

እንድሪስ የያዘውን የውሃ ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወይንሸት አጎንብሳ የነጠላዋን ጥለት ታይ ነበር። እናቱ በእጃቸው ጠሩት፤ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የተቀመጠው ሁሉ ግን ሰማ።

«ታኅሣሥ ላይ ነው ያወቅሁት። የዚያን ዕለት ማታ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እማ?»

«መርዶ ይመጣል እንጂ አይጠየቅም። ካልመጣ ደግሞ አይለቀስም። ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ደግሞም አንተ ማታ ማታ ታወራኝ ነበር። እሱን ብነካው የሚቆም መሰለኝ።»

ግድግዳው ጊዜውን ጠብቆ ቀጠለ። «የዛሬው ጥያቄ፦ ይህን ምላሽ ሲሰሙ ምን ተሰማዎት? በአንድ ቃል ይመልሱ።»

የመለሰ አልነበረም። ግድግዳው ጥያቄውን ደገመው። ከደጅ በኩል የተቀመጠ አንድ ሰው «ቢጫ በራ» አለ።

«ይብራ» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ውሃው እስከየት እንደደረሰ አላየሁም ብለህ ጽፈሃል።»

«ጨፍን ብለሽኝ አልጨፈንኩም እንዴ?»

ወይዘሮ ሰዓዳ እጃቸውን አንሥተው፣ መዳፋቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ከአገጫቸው ሥር ይዘው አቆዩት።

«እስከዚህ» አሉ። «ያየው ሁሴን ብቻ ነበር።»